ከስር የሚገጠም የስቴንለስ ሲንክ፦ ጅማ ላይ ኩሽና የሚያሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን

ጅማ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ኩሽናው ላይ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ ያሳየናል። ከግራናይት ስር የገባ፣ ጠርዙ የማይታይ፣ የሚያብረቀርቅ ሲንክ ነው። «እንዲህ አድርጉልኝ» ይላል። ይቻላል፣ አሪፍም ነው። ፎቶው ግን የሚያሳየው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ይሄ ሲንክ የሚጸናውም የሚወድቀውም ካቢኔቱ ውስጥ ተደብቆ ባለው ነገር ነው። ገንዘባችሁንም ጥያቄያችሁንም ወደዚያ አዙሩት።

ከለመድነው ሲንክ በምን ይለያል?

የለመድነው ሲንክ ጠርዙን ካውንተሩ ላይ አሳርፎ ይቀመጣል። ክብደቱን የሚሸከመው ካውንተሩ ነው። ከስር የሚገጠመው ጠርዙ ከድንጋዩ በታች ነው የሚለጠፈው። ስለዚህ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ካውንተሩ ላይ የፈሰሰ ውሃ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተበተነ ዱቄት በጨርቅ ጠርጎ ቀጥታ ወደ ሲንኩ መክተት ይቻላል። እድፍ የሚያቁር ጠርዝ የለም። ጉዳቱ ደግሞ ዕቃ ማንጠፍጠፊያ ክንፍ የለውም። ለብቻው መደርደሪያ ትገዛላችሁ፣ ወይም ድንጋዩ ላይ ውሃው ወደ ሲንኩ የሚወርድበት ቦይ ታስቆርጣላችሁ።

ካውንተሬ ይሸከመዋል ወይ?

ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ሰው ግን ሲንኩን ገዝቶ ከመጣ በኋላ ነው የሚጠይቀን።

ግራናይት ከሆነ አትስጉ። እብነ በረድም ይሸከማል፣ ግን ሎሚና አቼቶ ሲነካው ይበላል፤ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ይደበዝዛል። ሲንክ ዙሪያ ሎሚ የማይንጠባጠብበት ሳምንት ደግሞ የለም። እብነ በረድ የምትወዱ ከሆነ ለሳሎን ጠረጴዛ አድርጉት ነው የምንለው።

ፎርማይካ የተለበጠ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ እርሱት። ለሲንኩ ሲቆረጥ ውስጡ ይጋለጣል። የጅማ ክረምት ረዥም ነው፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በዚያ ላይ በየቀኑ የሲንክ ውሃ ሲጨመርበት የተቆረጠው ጠርዝ ወተት ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ ያብጣል።

ቆየት ያሉ ቤቶች ውስጥ ኮንክሪት ተሞልቶ ላዩ ሴራሚክ የተነጠፈበት ካውንተር እናገኛለን። ኮንክሪቱ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ወፍራም ስለሆነ ሲንኩ በጣም ወደ ታች ይርቃል። የተቆረጠውን ጠርዝም በሴራሚክ ቁርጥራጭ መሸፈን ግድ ይሆናል። በሴራሚኩ መሃል ያለው ፉጋ ውሃ በሚመታው ጠርዝ ላይ አይበረክትም፤ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይረግፋል። እንዲህ ያለ ካውንተር ካላችሁና ልታፈርሱት ካልሆነ፣ ከላይ የሚቀመጠውን ሲንክ ግዙ። ምንም አያሳፍርም።

ሻጩ «304 ነው» ይለኛል። እንዴት ልመን?

ሁሉም ሻጭ 304 ነው ይላል። ቁጥሩ የስቴንለሱ ዓይነት መለያ ነው፤ ስለዚህ ምን ማለት እንደሆነ እንወቅ።

ስቴንለስን ከዝገት የሚያድነው ክሮሚየም ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሲጫር መልሶ ራሱን ይሸፍናል። 304 ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለ። ካርቶኑ ላይ 18/8 ወይም 18/10 ተብሎ የሚጻፈው ይሄው ነው። 201 የሚባለው ኒኬሉ ተቀንሶ አብዛኛው በማንጋኒዝ የተተካ ነው። አዲስ ሆኖ ስታዩት ልዩነቱ አይታይም። ጨውና በረኪና ሲደጋገምበት ግን ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል። 430 ደግሞ ኒኬል የለውም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ማግኔቱ። ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ መርካቶ ይገባል፤ «አልያዘም፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ይገዛል። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ማግኔቱ ጠፍጣፋው ወለል ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ 430 ወይም መሰሉ ነው፣ ተዉት። ካልያዘ ግን 304 ነው ማለት አይደለም፤ 201ንም ማግኔት አይዘውም። ደግሞ እውነተኛው 304 ራሱ ተጨምቆ በታጠፈበት ማዕዘን ላይ በትንሹ ሊስብ ይችላል። ማዕዘኑ ላይ ሞክራችሁ ጥሩውን ዕቃ እንዳትጥሉ።

201ን ከ304 የሚለይ የማንጋኒዝ መፈተሻ ጠብታ አለ፤ 201 ላይ ወደ ቀይ ይለወጣል። ሻጩ ካለው አስሞክሩ። ከሌለው ደረሰኙ ላይ «304» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። በአፉ ሲምል የነበረ ሰው «ጻፈው» ሲባል ድምፁ ይቀንሳል።

ውፍረቱስ? «3 ሚሊ» የሚባለው እውነት ነው?

ጠርዙ ይሆናል። አንዳንድ በእጅ የተበየዱ ሲንኮች ላይኛው ከንፈራቸው 3 ሚሊ ሲሆን ሳጥኑ ራሱ 1 ሚሊ እንኳን አይሞላም። የሚጠየቀው የሳጥኑ ውፍረት ነው።

ውፍረቱ በሚሊ ሳይሆን ጌጅ በሚባለው የላሜራ መለኪያ ከተጻፈ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ላሜራው ይወፍራል። 16 ጌጅ 1.5 ሚሊ ገደማ፣ 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ገደማ፣ 20 ጌጅ 0.9 ሚሊ ገደማ ነው። ከስር ለሚገጠም 18 ጌጅ ይበቃል። 16 ካገኛችሁ ጥሩ፤ ለሱ ብላችሁ ግን ግራናይቱ ላይ አትቆጥቡ።

ሱቅ ውስጥ የሲንኩን ወለል በአውራ ጣት ጫን አድርጉት። ገባ ወጣ ካለ አትግዙት። ከዚያ ገልብጡት። ከስሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ተለጥፎበት፣ ቀሪው አካሉ ሸካራ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ጎማው ድምፅ ይውጣል። ቀለሙ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲሞላ ከውጭ የሚያልበውን ይቀንሳል። ያ ላብ ነው ካቢኔቱ ውስጥ እየተንጠባጠበ «ሲንኩ ያፈሳል» የሚያሰኛችሁ።

አንድ ገንዳ ወይስ ሁለት?

አንድ ትልቅ። የእኛ ቤት ዕቃ ትልቅ ነው፤ የበዓል ድስት፣ የእንጀራ ትሪ፣ የሊጥ ባልዲ። ሁለት ገንዳ ያለው ሲንክ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን 35 ሴንቲ ገንዳ ውስጥ የዶሮ ወጥ ድስት አዙሮ ማጠብ ትግል ነው። ከ65 እስከ 75 ሴንቲ የሚረዝም አንድ ገንዳ ለአብዛኛው ቤት ይመቻል። ሁለቱን የሚፈልግ ሰው ካለ አንዱ በግልጽ የሚበልጠውን ይምረጥ።

ከመግዛታችሁ በፊት የካቢኔቱን የውስጥ ስፋት ለኩ። ሲንኩ ከነጠርዙ ገብቶ በግራም በቀኝም ለእጅና ለመፍቻ ቦታ መቅረት አለበት።

ጥልቀቱ ምን ያህል ይሁን?

20 ሴንቲ ገደማ። እስከ 22 እንስማማለን። ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለት ጣጣ ይመጣል።

አንደኛው ወገብ ነው። ከስር የሚገጠም ሲንክ የድንጋዩን ውፍረት ይደርባል። 25 ሴንቲ ጥልቀት ላይ 3 ሴንቲ ግራናይት ሲጨመር እጃችሁ 28 ሴንቲ ወርዶ ነው ስኒ የሚያነሳው። ረዥም ሰው ካለ ቤት ውስጥ፣ ዕቃ እንዲያጥብ የተፈለገው እሱ ከሆነ፣ ቅሬታው አያልቅም።

ሁለተኛው የፍሳሹ ከፍታ ነው፤ ይሄን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ካውንተሩ ከወለል 90 ሴንቲ ነው እንበል። 3 ሴንቲ ድንጋይ፣ 22 ሴንቲ ሲንክ ቀንሱ። የሲንኩ ወለል 65 ሴንቲ ላይ ይውላል። ከዚያ በታች መውጫውና ሲፎኑ (ሽታ የሚያግድ ውሃ የሚይዘው ክፍል) ቢያንስ 15 ሴንቲ ይበላሉ። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ ያለው የፍሳሽ ቱቦ አፍ ከ50 ሴንቲ በታች መሆን አለበት። 60 ሴንቲ ላይ ከሆነ ውሃው ዳገት ሊወጣ ነው፤ አይወጣም። ቤቱ ገና ልስን ላይ ከሆነ ለቧንቧ ሠራተኛው አሁኑኑ ንገሩት። ከሴራሚክ በኋላ ማስፈንቀል ሌላ ወጪ ነው።

የላይኛው ትንሽ ቀዳዳ ግድ ነው?

ለጅማ ሰው ግድ ነው እላለሁ። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ ማየት፣ «የለም» ብሎ እንደተከፈተ መርሳት የሁላችንም ጸባይ ነው። ውሃው ሌሊት ይመጣል። መውጫው ላይ ጨርቅ ወይም ሳህን ተኝቶ ከሆነ ሲንኩ ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ያቺ ቀዳዳ ትርፉን ወደ ፍሳሹ ትመልሳለች። ቧንቧው በሙሉ ኃይል ከወረደ ላትችለው ትችላለች፤ ግን ጊዜ ትሰጣለች። ሮቶ ያላችሁም ብትሆኑ አትናቋት፤ ሙሉ ሮቶ በአንድ ሌሊት ካለቀባችሁ ጠዋት የምትታጠቡበት የለም።

መጀመሪያ ሲንኩን ነው ወይስ ግራናይቱን የምገዛው?

ሲንኩን። ሁልጊዜ ሲንኩን። ግራናይት ቆራጩ ሲንኩ በእጁ ሳይኖር መቁረጥ የለበትም። ካርቶኑ ውስጥ የወረቀት ልክ ይኖራል፣ ግን ወረቀቱ ከዕቃው ጋር መግጠሙን ላዩ ላይ አስቀምጣችሁ አረጋግጡ። የማይገጥም አጋጥሞን ያውቃል።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ማጥለያውን፣ መያዣ ክሊፖቹንና ሲፎኑን አብራችሁ ግዙ። የመውጫው ቀዳዳ ሁሉም ጋ አንድ አይደለም። 90 ሚሊ የሆነው የተለመደ ነው፤ ከዚያ የሰፋም አለ። ለአንዲት ማጥለያ ሲባል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መልሶ መጓዝ ያናድዳል።

ግራናይት ቆራጩን ምን ብዬ ልዘዘው?

አንደኛ፣ የቀዳዳው ማዕዘን ሹል አይሁን። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ ላይ በክብ ይበሳ፣ ከዚያ ቀጥታው ይቆረጥ። ድንጋይ የሚሰነጠቀው ከሹል ማዕዘን ተነስቶ ነው።

ሁለተኛ፣ የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ላዩ ይወልወል። ከላይ በሚቀመጥ ሲንክ ይሄ ጠርዝ ስለሚደበቅ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። የእናንተ ግን ይታያል፣ እጅም ይነካዋል። ዋጋ ስትነጋገሩ «ከነውልወላው» ብላችሁ ንገሩት፤ አለዚያ በኋላ ጭማሪ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ከሲንኩ ፊት ለፊት የሚቀረው የድንጋይ ምላስ አይቅጠን። ቢያንስ 6 ሴንቲ ይቅር። ካውንተሩ 60 ሴንቲ ሆኖ የሲንኩ ቀዳዳ 40 ከሆነ 20 ይቀራል፤ ከፊት 7 ከኋላ 13 ብታካፍሉት ለቧንቧውም ቦታ ይበቃል። የቧንቧው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 35 ሚሊ ነው። የተበሳው ድንጋይ ሲጓጓዝ በጎኑ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይሁን። አይሱዙ ላይ ተኝቶ ከመጣ ያቺ ምላስ ተሰብራ ትደርሳለች።

የጠርዙ ነገርስ? ሦስት ምርጫ አለ። ሲንኩ ከድንጋዩ ጥቂት ሚሊ ወጥቶ እንዲታይ፣ እኩል እንዲሆን፣ ወይም ድንጋዩ ሲንኩን ጋርዶ እንዲወጣ። ቆራጮች ሦስተኛውን ይወዳሉ፤ የቆረጣ ስህተት ይሸፍንላቸዋል። እኔ አልወደውም። ድንጋዩ ስር የሚጠራቀመው ሻጋታ አይታይም፣ በጣት ብቻ ነው የሚገኘው። ሲንኩ 3 ሚሊ ያህል ወጣ ብሎ ሲታይ ሲሊኮኑንም ታዩታላችሁ፣ በስፖንጅም ትደርሱበታላችሁ።

ግቢያችሁ ውስጥ የሚቆርጥ ከሆነ በውሃ እያራሰ ይቁረጥ፣ አፍንጫውንም ይሸፍን። የግራናይት አቧራ ሳንባ ይጎዳል። ልጆችን አርቁ።

ሲሊኮን ብቻውን አይበቃም?

አይበቃም። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 70 በ40 በ22 ሴንቲ የሆነ ገንዳ ሲሞላ 61 ሊትር ከግማሽ በላይ ይይዛል። ከ60 ኪሎ በላይ ነው። የሲንኩን ክብደትና ውስጡ የተዘፈዘፈውን ድስት ደምሩበት። ከግማሽ ኩንታል በላይ የሆነ ነገር በሲሊኮን መስመር ብቻ አንጠልጥላችሁ ትተኛላችሁ? የተወሰነ ጊዜ ይይዛል፤ ለዚህ ነው ሠራተኛው «ምንም አይሆንም» የሚለው። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ በትንሹ ይላቀቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ሌላው ይከተላል።

የሲሊኮኑ ሥራ ውሃ ማገድ ነው። ክብደቱን ሌላ ነገር ይሸከም። ክሊፕ ድንጋዩን በመብሳት ይታሰራል፤ ይሄ 3 ሴንቲ ድንጋይ ላይ ይሠራል። 2 ሴንቲ ላይ ስትበሱ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ ወይም ላዩ ድረስ ሊያልፍ ይችላል። እኛ የምንመርጠው ከስር ፍሬም መሥራት ነው። ከአንጎላሬ ብረት ወይም ከደህና ጣውላ አራት ማዕዘን ተሠርቶ ከካቢኔቱ ጎኖች ጋር ይታሰራል፣ የሲንኩ ጠርዝ እሱ ላይ ያርፋል። ብረቱ ዝገት መከላከያ ይቀባ፤ ስቴንለሱን በቀጥታ እንዳይነካም መሃል ላይ ቀጭን ጎማ ይግባ። ጣውላ ከሆነ ዋንዛ ጥሩ ነው፤ የጅማ አናጺ ስለ ዋንዛ ምክር አያስፈልገውም። የካቢኔቱ ጎን ኤምዲኤፍ ከሆነ ግን ፍሬሙ እስከ ወለል የሚወርድ የራሱ እግር ይኑረው።

አገጣጠሙን ቆሜ ላሠራ ነው። ምን ምን ላይ ዓይኔን ልጣል?

ሲንኩ ድንጋዩ ካቢኔቱ ላይ ከመቀመጡ በፊት መገጠሙ ይቀላል፣ ግን ድንጋዩ ተቀምጦም ይገጠማል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያለ ሲሊኮን በደረቁ ይሞከራል። ሲንኩ ከስር ተደግፎ ይነሳና በአራቱም ጎን እኩል መታየቱ ይለካል፤ ቦታው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ይሄን ዘሎ «በዓይኔ ይታየኛል» የሚል ሠራተኛ ካለ አስቁሙት።

ከዚያ የድንጋዩ ሆድና የሲንኩ ጠርዝ ይጸዳል። የግራናይት ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ፣ ቅባቱ በአልኮል። ከዚያ ይድረቅ። ሲሊኮን ለመድረቅ የአየር እርጥበት ስለሚፈልግ የጅማ አየር ችግር አይሆንበትም። ችግር የሚሆነው እርጥብ ድንጋይ ነው። ጠዋት የታጠበ ድንጋይ ላይ ከሰዓት በኋላ ሲሊኮን አይቀባም።

ሲሊኮኑ በሲንኩ ጠርዝ ዙሪያ ሳይቆራረጥ ይደረጋል፤ ማዕዘን ላይ በተለይ። ሲንኩ ተነስቶ ይገጠማል፣ ፍሬሙ ወይም ክሊፑ ቀስ በቀስ እየተዘዋወረ ይጠብቃል። አንዱን ጎን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ጠርዙን ያጣምማል። ሲጠብቅ ሲሊኮኑ በዙሪያው ሁሉ በትንሹ ተጨምቆ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ክፍተት አለ። የተረፈው ወዲያው ይጠረጋል።

24 ሰዓት ማንም እንዳይነካው። ሲፎኑም በነጋታው ይታሰር። ሠራተኛው በዚያው ቀን ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል፤ ቀሪ ክፍያ ያዙ።

በነጋታው ሲንኩን አፉ ድረስ ሙሉት። ደረቅ ሶፍት ወስዳችሁ ከስር በጠርዙ ዙሪያ፣ በመውጫው፣ በሲፎኑ መገጣጠሚያ አስነኩት። ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍት ይይዘዋል። ከዚያ በአንዴ ልቀቁትና እንደገና በሶፍት እዩ፤ ሲፎን ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ውሃው በኃይል ሲወርድ ነው። ይሄ ሳይደረግ ክፍያ አይጠናቀቅ።

የትኛውን ሲሊኮን?

ኒውትራል የሚለውን። ተራው ሲሊኮን ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው አሲድ ስለሚለቅ ነው። እብነ በረድን ያበላሻል፣ ሌላውም ድንጋይ ላይ እድፍ ሊተው ይችላል። ሻጋታ የሚከላከል ተብሎ የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል።

ሲንኩ በየጊዜው ይደፈንብኛል። ቱቦው ይሆን?

መጀመሪያ ቡና ስታፈሉ አተላውን የት እንደምትደፉት ንገሩኝ።

በቡና አገር ተቀምጠን በቀን ሁለቴ ሦስቴ ጀበና እያፈላን፣ የጀበናውን ትራፊ ሲንክ ላይ ገልብጠን ውሃ እንለቅበታለን። አተላ አይሟሟም። ብቻውን ቢሆን ውሃው ይገፋው ነበር። ግን ቱቦው ውስጥ የወጥ ቅባት አለ፤ ሙቅ ሆኖ ይወርዳል፣ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲያገኝ ይረጋል፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። አተላው እዚያ ላይ ይጣበቃል። በላዩ ሌላ ቅባት፣ በላዩ የሊጥ እጣቢ። ሲፎን ፈተን ስንገለብጥ የሚወጣው ጥቁር ጭቃ ሲሸት ቡና፣ ሲነካ ቅቤ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጀበናው ቀዝቅዞ፣ አተላው አንድ ጣሳ ውስጥ ይገልበጥ፤ ከዚያ ጓሮ፣ አትክልት ስር። የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ወይም በእንጀራ ቁራጭ ይጠረግ። የሊጥ ዕቃ እጣቢ ሲንክ ውስጥ አይደፋ።

ከተደፈነ በኋላስ? በፓምፕ ላስቲክ ሞክሩ፤ የላይኛዋን ትንሽ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኗት፣ አለዚያ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። ካልሆነ ከስር ባልዲ አስቀምጣችሁ ሲፎኑን ፍቱ፤ በእጅ የሚፈታ ነው። የፈላ ውሃ ግን አትድፉ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱም ቢሆን ለፒቪሲ ቱቦ ብዙ ነው፣ መገጣጠሚያውን ያላላል። የፓስታ ውሃም ስትደፉ ቀዝቃዛ ቧንቧ እየለቀቃችሁ ይሁን። እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠውን የፍሳሽ ቱቦ አትግዙ፤ እጥፋቱ ሁሉ አተላ ይይዛል። ወደ ግድግዳ የሚሄደው ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ያህል ይዝቀጥ።

ሳይደፈን የሚሸት ከሆነ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ደርቆ ይሆናል። ሽታ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ከቆየ አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት።

ስቴንለስ አይዝግም ብላችሁ አልነበር? ነጠብጣብ አወጣ።

ብዙ ጊዜ የዛገው ሲንኩ ሳይሆን ላዩ ላይ የቀረ ሌላ ብረት ነው። በድስት መፈተጊያ ሽቦ ትፈትጉታላችሁ፣ የሽቦው ብናኝ ይቀራል፣ እሱ ይዝጋል። እርጥብ የብረት ምጣድ ወይም የቆርቆሮ ጣሳ አድሮበትም ይሆናል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ፣ ላዩ ላይ ያሉትን ስስ መስመሮች ተከትላችሁ በስፖንጅ እሹት። ይለቃል።

ከለቀቀ በኋላ በጥፍር ሲነካ ጉድጓድ ካለው ግን በረኪና ነው። ሲንክ ውስጥ በረኪና ዘፍዝፎ ማሳደር የስቴንለስን ሽፋን ይበሳዋል። የጨው ውሃም እንዲሁ። ነጭ ልብስ መዘፍዘፊያ ሳፋ ነው። በረኪና ድንገት ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቡት።

ከሁሉ የከፋው የሴራሚክ ማጽጃ አሲድ ነው። ግንበኛው ሥራ ሲጨርስ ወለሉን በአሲድ ያጥባል፤ ጭሱ ብቻ አዲሱን ሲንክ ያጠቁረዋል። አሲዱ ሳይታጠብ ሲንክ አይገጠም። ከተገጠመም መከላከያ ላስቲኩ አይላጥ፣ መስኮት ይከፈት። ላስቲኩን ደግሞ ቤት ከገባችሁ በኋላ ላጡት፤ ዓመት ሙሉ እንደተለጠፈ የምናገኘው ቤት አለ፣ ከስሩ ውሃ አቁሮ።

የውሃ ነጭ ጠብታ ምልክት በአቼቶ በነከረ ጨርቅ ይለቃል። ካውንተሩ እብነ በረድ ከሆነ አቼቶው ወደዚያ እንዳይፈስ።

ጭረቱስ?

ይጫራል። ሁሉም ይጫራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ አንዱ ጎልቶ ይታያችኋል፣ ከዚያ ሲበዛ እርስ በርሱ ይዋጥና ደብዘዝ ያለ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። እንደ መስታወት የተወለወለውን ዓይነት የገዛ ሰው ግን ሁልጊዜ ያያታል፤ ስለዚህ ሳቲን የሚባለውን ምረጡ። ከውስጥ የሚነጠፍ የጎማ ምንጣፍ የምታደርጉ ከሆነ ማታ ማታ አንሱት።

ሲሊኮኑ ጠቆረ። አንድ ጥግ ላይም ክፍተት አለ። አውልቄ ልቀይር?

መጥቆሩ ሻጋታ ነው። አሮጌው ሲሊኮን በምላጭ ተቆርጦ ይወጣል፣ ቦታው ይጸዳል፣ ደርቆ አዲስ ይሞላል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ አይይዝም።

ክፍተት ካለ ሲንኩ ወርዷል ማለት ነው። መጀመሪያ ባዶ አድርጉት፣ ዕቃ አትዘፍዝፉበት። ከስር ጣውላ አቁማችሁ ደግፉት። ከዚያ ፍሬም ይሠራለታል፣ ሲሊኮኑ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ሲንኩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። መቀየር የግድ ከሆነ አዲሱ ከድንጋዩ ቀዳዳ ጋር መግጠም ስላለበት፣ ሲገዛ የመጣውን የወረቀት ልክ መጀመሪያውኑ ካቢኔቱ ውስጥ ለጥፋችሁ አስቀምጡት።

ተከራይ ነኝ። ላስገጥም?

ተዉት። ስትለቁ ነቅላችሁ አትሄዱም። ለደህና ማጥለያና ለዕቃ ማንጠፍጠፊያ አውጡበት፤ እነሱን ካርቶን ውስጥ ከታችሁ ትወስዳላችሁ።